ባክአፑ አለ፣ ዳታው የለም

በአፋር ክልል ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ «ባክአፕ የለንም» ያለኝ መሥሪያ ቤት የለም። ሁሉም አለው። በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ፣ በፍላሽ አለ፣ በኃላፊው ላፕቶፕ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ጋ ቀን ተጽፎበት በሲዲ ሳይቀር ተቀምጧል። የታጣው ያንን ባክአፕ ወስዶ በሌላ ማሽን ላይ መልሶ ከፍቶ ያየ ሰው ነው። ሰርቨሩ በሙቀት ወይም በመብራት መቆራረጥ እስኪሞት ድረስ ባክአፑ የሚመለስ ይሁን የማይመለስ የሚጠይቅ የለም። ሲሞት ሁሉም ይጠይቃል፤ ያኔ ግን የሚስተካከለው ነገር ትንሽ ነው።

በዳታቤዝ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሎግያ ላይ ሻይ ስንጠጣም፣ አዋሽ ላይ መኪና ስንጠብቅም ወሬያችን ይሄው ነው። አንዱ የጤና መረጃ ይዟል፣ አንዱ የውኃ፣ አንዱ የደመወዝ፣ አንዱ የእንስሳት ክትባት። የምንማረርበት ግን ተመሳሳይ ነው። ዳታቤዙ ሲሠራ የራሱ ታይፕ ተፈጥሮለታል፤ ባክአፑን በአዲስ ሰርቨር ላይ ስንመልሰው አዲሱ ሰርቨር ያንን ታይፕ አያውቀውም፤ ታይፑን ስላላወቀው ቴብሉን አይፈጥርም፤ ቴብሉ ስለሌለ ዳታው የሚገባበት የለም። የዓመታት መዝገብ በእጃችን ባለ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ልናነበው አንችልም።

ለሙያው ሩቅ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ዳታቤዝ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ (ቴብል) እያንዳንዱ አምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀበል አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ጽሑፍ ነው፣ ይሄ ቀን ነው። ታይፕ የምንለው ይህንን ነው። ተዘጋጅተው ከሚመጡት ውጭ የራስን ታይፕ መፍጠርም ይቻላል። ፖስትግሬስ የተባለው ነፃ ዳታቤዝ በ1986 እ.ኤ.አ. ማይክል ስቶንብሬከርና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሲነድፉት፣ ተጠቃሚው የራሱን ታይፕ እንዲጨምርበት ማስቻል ከመነሻ ዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ የራሱን ታይፕ የፈጠረ ባለሙያ ከሥርዓት ወጣ አይባልም። እንዲያውም እንደኛ ላለ አገር ብዙ ጊዜ አስፈላጊ ይሆናል።

አስፈላጊ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ዳታቤዙ ይዞት የሚመጣው የቀን ታይፕ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወራት ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2015 ብለው በቁጥር ቢያስገቡ፣ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልስዎታል፤ እሱ የሚያየው ፌብሩዋሪን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ቢሉት አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም ይላል። በተቃራኒው በስህተት መስከረም 31 ብለው ቢጽፉ አንድም ቃል ሳይናገር ይቀበላል። እንግዲህ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ነርሷ ጳጉሜን 6 ብላ የጻፈችውን ወሊድ ምን ላድርገው ብሎ የተጨነቀ ዴቨሎፐር ተቀምጦ የኢትዮጵያን ቀን የሚቀበል የራሱን ታይፕ ይሠራል። ወሩ ከ1 እስከ 13 ይሁን፣ ጳጉሜን 5 ቀን ትሁን፣ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን 6 ትሁን ብሎ ደንብ ይጽፍለታል። ጥሩ ሥራ ነው። ይሄንን የሠራን ሰው አልወቅስም።

በአፋር ደግሞ ሌላም ይጨመራል። የአርብቶ አደር እናት ልጇ መቼ እንደተወለደ ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ የምትናገረው ወቅቱን ነው፤ ከርማ ላይ፣ ሱጉም ላይ፣ ጊላል ላይ፣ ሐጋይ ላይ። ቀን ካላመጣሽ ብሎ የሚያስጨንቃት ፎርም ውሸት ይሰበስባል፤ አብዛኛው ሕፃን መስከረም 1 የተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። ይህንን የተረዳ ባለሙያ ወቅትንና ዓመትን አንድ ላይ የሚይዝ ታይፕ ይፈጥራል። የዞኖቹም ስም እንዲሁ በታይፕ ይታሰራል፤ መዝጋቢው አንድ ቀን «ገቢ ረሱ» ሌላ ቀን «ጋቢራሱ» እያለ ሪፖርቱን እንዳያበላሸው ከተፈቀዱት ስሞች አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ይደረጋል። ይሄ ሁሉ ለአካባቢው ታስቦ የተሠራ ነው፤ የሚያስመርረንም ለዚህ ነው። በግዴለሽነት የተሠራው፣ ሁሉን ነገር ጽሑፍ ብሎ የመዘገበው ዳታቤዝ ባክአፑ ያለ ችግር ይመለሳል። ለሰው ተጨንቆ በጥንቃቄ የተሠራው በመመለሻው ቀን ይሰናከላል።

በደሉ የሚጀምረው ከባክአፑ አወሳሰድ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ፍላሹ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሠራተኛው ዳታቤዙን በሙሉ ከመውሰድ የሚያስፈልጉትን ቴብሎች ብቻ መርጦ ያወጣል። ፖስትግሬስ ላይ ይህን የሚያደርገው ፒጂ ደምፕ የሚባለው መሣሪያ በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ ቴብል ተመርጦ ሲወጣ ቴብሉ የተደገፈባቸው ሌሎች ነገሮች አብረው አይወጡም። ማለትም ፋይሉ ውስጥ «ይህ አምድ የኢትዮጵያ ቀን ነው» የሚል ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ቀን የሚባለው ምን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ሣጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ቁልፉን በተለቀቀው ቤት እንደመተው ነው። ሲጫን ችግሩ አይታይም። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ቀኑ የዛሬ ነው፣ ስሙ ትክክል ነው። «ወንድሜ፣ ሙሉ ነው እኮ፣ መጠኑን እየው» ይሉናል። መጠኑማ አለ።

ይሄ ግን በሚጮኽ ስህተት ቴብሉን የሚያስቀር ስለሆነ ቢያንስ ይታወቃል። የሚከፋው ሳይጮኽ የሚያልፈው ነው። የዞኖቹን ነገር ልመለስበት። አፋር ለረጅም ጊዜ አምስት ዞኖች ነበሩት፤ አውሲ ረሱ፣ ኪልበቲ ረሱ፣ ገቢ ረሱ፣ ፈንቲ ረሱ፣ ሃሪ ረሱ። አዋሽ በገቢ ረሱ፣ ሰመራ በአውሲ ረሱ ውስጥ ናቸው። በኋላ ማሂ ረሱ ስድስተኛ ሆኖ ተጨመረ። አምስት ስም ይዞ የተፈጠረ ታይፕ ላይ ስድስተኛውን መጨመር ቀላል ነው፤ በሕያው ሰርቨር ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልቃል። አሁን ግን አዲስ ሰርቨር ተገዝቷል እንበል፤ አንድ ሰው ቀድሞ ለሙከራ የቆየውን ባክአፕ ጭኖበት ሲጨርስ ቴብሎቹን ብቻ አጥፍቷል፤ አምስት ስም ያለው ታይፕ እዚያው ቀርቷል። አዲሱ ባክአፕ በላዩ ሲመለስ ታይፑን ልፍጠር ይላል፤ «በዚህ ስም ያለ ታይፕ አለ» ይባላል፤ ያልፋል። ከዚያ ዳታው መግባት ይጀምራል። ማሂ ረሱ የሚል የመጀመሪያው መዝገብ ላይ ሲደርስ፣ ይህ ስም ከተፈቀዱት አይደለም ይባላል። እዚህ ላይ የሚቀረው ያ አንድ መዝገብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ፖስትግሬስ የአንድን ቴብል ዳታ የሚያስገባው በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ወይ ሁሉም ይገባል ወይ አንዱም አይገባም። በአንድ መዝገብ ምክንያት የአምስቱ ዞኖች መዝገብ በሙሉ ይቀራል። ቴብሉ ባዶውን ይፈጠራል።

ባክአፑን የሚመልሰው መሣሪያ፣ ፒጂ ሪስቶር፣ ደግሞ ቁም ካልተባለ በቀር በስህተት ምክንያት አይቆምም። ወደሚቀጥለው ቴብል ይሄዳል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ መጨረሻ ላይ ይህን ያህል ስህተት ታልፏል የሚል አንድ መስመር ጽፎ ያበቃል። በስህተቱ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ ግን ካልጠየቁት አይሠራም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊጨርስ ሲል፣ መስኮቱ ላይ መቶ መስመር ሲያልፍ ያየ ሠራተኛ ያንን የመጨረሻ መስመር ባያነብ አልፈርድበትም። ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ሲወጣ የክትባቱ አምድ ዜሮ ይሆናል። አንዳንዴ ዜሮ መሆኑን እንኳ የሚጠራጠር አይገኝም፤ ዘመቻው አልተካሄደም ተብሎ ይታለፋል። ልጆቹ ተከትበዋል፤ መዝገቡ ግን አልተከተቡም ይላል። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ሌሊቶቻችንን የበላው ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ሙሉ ነው፣ ታይፑም አብሮ አለ፣ አዲሱ ሰርቨር ንጹሕ ነው፣ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ደግሞ ያው ታይፕ ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ሲመለስ ግን «ፈንክሽኑ አልተገኘም» ይላል። ፈንክሽኑ እዚያው ነው፤ ከፍተን እናየዋለን። እንደገና እንሞክራለን፣ አልተገኘም ይላል። ሰርቨሩን አጥፍተን እናበራለን። ፖስትግሬሱን ነቅለን እንደገና እንጭናለን። ኢንተርኔት ሲመጣ እንፈልጋለን፣ ሲሄድ እንቀመጣለን።

ምክንያቱ ሲገኝ እንዲህ ነው። ያ የኢትዮጵያ ቀን ታይፕ ደንቡን የሚያስጠብቀው በፈንክሽን፣ ማለትም በዳታቤዙ ውስጥ በተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም፣ ነው፤ ቀኑ ትክክል መሆኑን የሚያየው ፈንክሽን ደግሞ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ትንሽ ፈንክሽን ይጠራል። ሲጠራው በስሙ ብቻ ነው፤ በየትኛው ስኪማ (የዳታቤዙ ክፍል) ውስጥ እንዳለ አይናገርም። በሕያው ዳታቤዝ ላይ ይሄ አያስቸግርም፤ ዳታቤዙ በተለመደው ፐብሊክ ስኪማ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። የካቲት 22 ቀን 2010 (ማርች 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.) ግን የፖስትግሬስ አዘጋጆች የደኅንነት ማስተካከያ አወጡ። ክፉ ሐሳብ ያለው ተጠቃሚ በዚያው ስኪማ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ፈንክሽን አስቀምጦ ሌላውን ሊያታልል ይችል ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ባክአፕ ሲመለስ የፍለጋ መንገዱን ባዶ አድርጎ ይጀምራል፤ ባለሙያ የፈጠረው ማንኛውም ነገር ከነስኪማው ስም ካልተጠራ አይገኝም። ማስተካከያው ተገቢ ነው፤ አልከራከርበትም። ከዚያ በፊት የተሠራው የኛ የቀን ታይፕ ግን በዚያ ቀን የማይመለስ ሆነ። ማንም አልነገረንም፤ ምክንያቱም ሕያው ዳታቤዙ እንደ ወትሮው መሥራቱን ቀጠለ። ሰርቨሩ እስኪሞት ድረስ የሚያስታውቅ ምልክት አልነበረም።

መፍትሔው ቀላል መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያንገበግባል። ከፈንክሽኑ ስም በፊት የስኪማውን ስም መጻፍ፣ ወይም ፈንክሽኑ የራሱን የፍለጋ መንገድ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ በሕይወት እያለ የሚያውቅ ሰው ከሻይ ሰዓት በፊት ይጨርሰዋል። ከሞተ በኋላ ግን ከባክአፑ ውስጥ የዳታቤዙን አቋም ብቻ ለይቶ ማውጣት፣ በእጅ ማረም፣ መጫን፣ ከዚያ ዳታውን ለብቻው ማስገባት፣ ኢንዴክሱንና የቴብሎቹን ትስስር በመጨረሻ ማስከተል ያስፈልጋል። ይቻላል። ይህንን የሚችል ሰው ግን ሰመራ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ስልክ ላይ ሆኖ በማያየው መስኮት ሊመራን ይሞክራል፣ መሐል ላይ ኔትወርክ ይቋረጣል።

የቦታ መረጃም ሌላው ችግር ነው። በዚህ ክልል የውኃ ጉድጓድ የት እንዳለ፣ የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው ጨዋማ እንደሆነ ማወቅ የሰውና የከብት ሕይወት ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ በካርታ ላይ ይመዘገባሉ፤ የሚመዘገቡትም ፖስትጂስ በሚባል የፖስትግሬስ ተጨማሪ ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሲስተም ራሱ ፖስትግሬስ ላይ የሚሠራ ነው፤ ፖስትጂስንም ይፈልጋል። ባክአፑ ግን ተጨማሪውን ይዞ አይሄድም። ፋይሉ ላይ ያለው «ፖስትጂስን ፍጠር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። አዲሱ ሰርቨር ላይ ፖስትጂስ አስቀድሞ ካልተጫነ ያ መስመር ይወድቃል፤ የቦታ ታይፑ አይኖርም፤ ነጥብ ያለበት ቴብል ሁሉ አይፈጠርም። ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ለመፍጠር ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር ያስፈልጋል፤ የዚያ ዩዘር ፓስወርድ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣ ቆይቷል። የዩዘሮቹ ስምና ሥልጣንም ቢሆን በተራ ባክአፕ ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻው መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ግን ጥቂት ነው።

አንዳንድ ዴቨሎፐሮች ደግሞ ለፍጥነት ብለው ታይፑን በሲ ቋንቋ ይጽፉታል። ያኔ ታይፑ የሚሠራው ሰርቨሩ ማሽን ላይ በተቀመጠ የላይብረሪ ፋይል ነው። ባክአፑ የፋይሉን ስም ብቻ ይጠቅሳል፤ ፋይሉ ከተቃጠለው ማሽን ጋር አብሮ ሄዷል። ታይፑ የተጻፈበት ምንጭ ኮድ ካልተገኘ በቀር ያንን ዳታ መክፈት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይህንን ያደረጉ ሰዎችን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ኮዱን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥታችሁ ሂዱ።

ስለ ፊደላችንም ትንሽ ልበል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ፖስትግሬስ ለታይፕ ስምም ሆነ እንደ ዞኖቹ ባለ የምርጫ ታይፕ ውስጥ ለሚዘረዘር ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ 63 ፊደል ያገኛል፤ እኛ 21። የወረዳና የቀበሌ ስም ከነማብራሪያው በአማርኛ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። አዲሱ ዳታቤዝ በስህተት በላቲን ኢንኮዲንግ ተፈጥሮ ከጠበቀን ደግሞ የአማርኛው የምርጫ ታይፕ ገና ሲፈጠር ይወድቃል፣ ቴብሎቹም ተከትለውት ይወድቃሉ።

የማይክሮሶፍቱን ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚጠቀሙ ጓደኞቻችን «እኛ ጋ ባክአፑ ሁሉን ይዞ ነው የሚሄደው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ታይፑ ከዳታቤዙ ጋር ይሄዳል። ነገር ግን ከአዲስ ቨርሽን የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌ ቨርሽን ላይ በፍጹም አይመለስም፤ ወረዳ ላይ ያለው ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። በዶትኔት የተጻፈ ታይፕም ከ2017 ቨርሽን ወዲህ በመጣው የጥብቅነት ደንብ ምክንያት፣ በወጉ ካልተፈረመ ወይም ካልተፈቀደ አዲሱ ሰርቨር ላይ አይሠራም። እነሱም ከእኛ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚያማርሩት በከንቱ አይደለም።

«ታዲያ ለምን ሁሉን በጽሑፍ አትመዘግቡትም?» የሚሉን አሉ። ሞክረናል፤ ውጤቱንም እናውቀዋለን። ጽሑፍ ጳጉሜን 9ን ይቀበላል፣ «ጥቅምት»ንና «ጥቅምቲ»ን ሁለት ወር ያደርጋል፣ በቀን ቅደም ተከተል አይደረደርም። የሕፃን ዕድሜ በሳምንት የሚቆጠርበት የክትባት ፕሮግራም በእንደዚህ ዓይነት መዝገብ አይመራም። በእኔ እምነት የተሻለው፣ ቀኑን በዳታቤዙ መደበኛ የቀን ታይፕ አስቀምጦ ለሰው ሲታይ በኛ አቆጣጠር መቀየር ነው፤ በወቅት ብቻ የሚታወቀውን ልደት ደግሞ ከጎኑ በተለየ አምድ መያዝ። ግን ቀድሞ በራሱ ታይፕ የተሠራው ብዙ ነው፤ ውስጡ የሰዎች ልደት፣ ሞት፣ ክትባትና ደመወዝ አለበት። ከመጀመሪያው በሌላ መንገድ መሠራት ነበረበት ማለት ዛሬ ያለውን ዳታ አያድነውም።

የርክክቡ ነገር ከሁሉም ይብሳል። ሲስተም ሲሠራ ተቋራጩ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው የሚያየው መስኮቱን ነው፤ ይመዘግባል ወይ፣ ሪፖርት ያወጣል ወይ፣ ያትማል ወይ። ከባክአፕ ተመልሶ ይነሣል ወይ ብሎ የጠየቀ ኮሚቴ አላጋጠመኝም። በውሉ ላይ «ባክአፕ የመውሰድ አቅም ይኖረዋል» የሚል ይገኛል፤ «በባዶ ማሽን ላይ ተመልሶ ይታያል» የሚል አይገኝም። ክፍያው ይለቀቃል፣ ተቋራጩ ይሄዳል፣ የዋስትናው ዘመን ያልፋል። ሰርቨሩ ሲሞት ስልክ ይደወላል። «እህቴ፣ ያንን የሠራው ልጅ ለቋል» ትባላለች የአይሲቲ ባለሙያዋ። ለቋል፤ ታይፖቹን ምን ብሎ እንደፈጠራቸው፣ ለምን እንደፈጠራቸው፣ በምን እንደተደገፉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እሷ ግን እዚያው ናት፤ ኃላፊው በየሰዓቱ እየመጣ «ደረሰ?» የሚላት እሷን ነው። ያልሠራችው ሥራ ስህተት በእሷ ላይ ይወድቃል። በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ያሉ የአይሲቲ ሠራተኞች እንዲህ ዓይነቱን ዕዳ ተሸክመው ሲያድሩ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ይህ ደግሞ ሰርቨር ረጅም ዕድሜ የሚኖርበት ምድር አይደለም። ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መብራት ከሄደ ኤሲው ይቆማል፤ ዩፒኤሱ ለደቂቃዎች ነው። አዋሽ ወንዝ በክረምት ከገደቡ ሲወጣ አሚባራን፣ ዱብቲን፣ አሳይታን ያጥለቀልቃል፤ በ2012 ክረምት ያየነውን አንረሳውም። በ2017 ደግሞ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ምድሩ ለወራት ተንቀጠቀጠ፤ መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጣ፤ መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ሰርቨር ያውጣ የሚል የለም፣ ሊባልም አይገባም። የተፈናቀለው ሕዝብ በመጠለያ ተቀምጦ ግን ማን መድኃኒት ላይ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ልትወልድ እንደደረሰች፣ የማን ደመወዝ በየት እንደሚከፈል የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። ባክአፑ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከሕንፃው ጋር አብሮ ይጠፋል። ሌላ ከተማ ተቀምጦ ቢገኝም፣ ታይፑ ሳይኖርበት ከተገኘ አይከፈትም። አዋሽ ላይ የጠፋውን ሰመራ ላይ ማንሣት መቻል አለብን፣ ሰመራ ላይ የጠፋውንም አዋሽ ላይ። በመካከላቸው ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ያ ርቀት ለአንድ ጊዜ እንኳ ሊጠቅመን ይችል ነበር።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ባክአፑ ዳታቤዙን በሙሉ ይያዝ፤ የዩዘሮቹ ዝርዝር፣ የተጨማሪዎቹ ስምና ቨርሽን፣ የላይብረሪው ፋይልና ኮዱ በአንድ ማኅደር አብረው ይቀመጡ፤ የፖስትጂስ መጫኛ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ በዲስክ ይኑር። በየወሩ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ፣ ምንም ያልተጫነበት ላይ፣ ባክአፑ ይመለስ፤ በስህተት ላይ እንዲቆም ታዝዞ። ከዚያ የእያንዳንዱ ቴብል የመዝገብ ብዛት ከሕያው ሰርቨሩ ጋር ይነጻጸር። ይህንን የምትሠራው ባለሙያ ግማሽ ቀን ይሰጣት፤ ሥራ ፈታች ተብላ አትጠራ። ርክክብ ላይ የሚቀመጡ ኮሚቴዎችም ክፍያ ከመልቀቃቸው በፊት ተቋራጩን ባዶ ማሽን ፊት ያስቀምጡት፤ መልሶ ያሳያቸው፤ ከተመለሰው ዳታ ውስጥ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 6 ያለባቸውን መዝገቦች አስፈልገው ይዩ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የአዋሽና የሰመራ ሰርቨሮች ተራ በተራ እንዲህ ቢፈተሹ፣ የትኛው ታይፕ መታረም እንዳለበት ሰርቨሮቹ ገና በሕይወት እያሉ እናውቅ ነበር።